ሻይ ቤቱ መታጠፊያ ላይ የሚጮኸው መኪና

ዓይናዲስ የሹፌሩን የሸጋውን መኪና ክላክስ ከሰቆጣ መኪኖች ሁሉ ለይታ ታውቀዋለች። ለምን አታውቀውም፤ ዝገቱን የፋቀችው፣ ሽቦውን የቀጠለችው፣ እንደ ታመመ ፍየል ሲያቃስት የነበረውን ድምፅ መልሳ ያቃናችው እሷ ናት። ስለዚህ በዚያ ዐቢይ ጾም፣ ጧት ጧት አሮጌው ላንድክሩዘር ከይታየሽ ሻይ ቤት መታጠፊያ ደርሶ ሲጮህ፣ ጋራዡ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሥራውን ሲቀጥል የእሷ ካቻቢቴ ብቻ አየር ላይ ይቆማል።

መጀመሪያ ቀን፣ አህያ መንገድ ዘግቶበት ነው አለች። በማግስቱ ሕፃን ገብቶበት ይሆናል አለች። ከዚያ በኋላ ግን አህያውም ሕፃኑም አለቁባት። ሰው በየጧቱ አንድ ደጃፍ ላይ ክላክስ የሚነፋው ከደጃፉ ብቅ የሚልለት ሲኖር ነው። ይታየሽም ብቅ ትላለች። ዓይናዲስ ከጋራዡ በር ቆማ በዓይኗ በብረቱ አይታታለች፤ መጥረጊያዋን እንደያዘች፣ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አድርጋ፣ ስትስቅ።

ይታየሽ ምን አላት ቢባል ጥርስ አላት። ያንን ጥርስ ደግሞ እግዜር በነፃ እንደሰጣት ሁሉ እሷም በነፃ ነው የምትበትነው፤ ለሹፌሩም፣ ለረዳቱም፣ ለተሳፋሪውም። ዓይናዲስ ጥርሷን ቆጥባ የኖረች ናት። ጥፍሯ ሥር የገባው ግራሶ በሳሙናም በሎሚም አይወጣም። ግን በዋግ ምድር የመኪና መብራት ጠፍቶበት፣ ባትሪ ሞቶበት፣ ሽቦ ተቃጥሎበት «ዓይናዲስ የት አለች?» ሳይል የሚያልፍ ሹፌር የለም። ያስተማራት ሰው ደግሞ የለም። አጎቷ አያ ምሳው፣ የጋራዡ ባለቤት፣ «ሴት ልጅ መኪና ሥር አትገባም» ብሎ ሲከለክላት፣ እሱ ምሳ ሲሄድ ገብታ ነው የተማረችው። ማንበብ በማትችለው በጃፓን ፊደል የተጻፈ የሽቦ ሥዕል ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ቀድዳ፣ ፊደሉን ትታ መስመሩን እየተከተለች።

ሸጋው እንደ ሌሎቹ ሹፌሮች መኪናውን ጥሎ ሻይ ቤት አይቀመጥም ነበር። አጠገቧ ቁሞ መብራት ይይዝላታል። «ይቺ ቀይዋ የማን ልጅ ናት?» ይላታል ሽቦ እያሳየ። «የባትሪው የበኩር ልጅ ናት፤ አትንካት፣ ትቆጣለች» ትለዋለች። ጾሙ ሊገባ ሰሞን ደግሞ እሷ እየሰማች፣ «አያ ምሳው፣ ከፋሲካ በኋላ አንድ ትልቅ ጉዳይ አለኝ፤ ደጅዎን እጠናለሁ» ብሎ ነበር። አንድ ወንድ፣ ልጅቷ ባለችበት፣ ላሳደጋት አጎቷ እንዲህ ካለ፣ ከዚህ በላይ ምን ይናገር? ዓይናዲስ ያን ቀን ምንም እንዳልሰማች ሆና ያንኑ ብሎን ደጋግማ አጠበቀችው። ከዚያ ወዲህ ፋሲካን እየጠበቀች ነበር። አሁን ግን በየጧቱ ይሄ ክላክስ መጣባት።

አንድ ቀን፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ላንድክሩዘሩ ራሱ ጋራዡ ውስጥ ገባ። ከጽጽቃ መመለሱ ነበር፤ አቧራው ቀለሙን አጥፍቶታል።

«ዓይናዲስ» አለ ሸጋው እየወረደ፣ «ይቺ መኪና አብዳለች። ውሃ ስላት ትጮሃለች።»

«ማን ደጅ ላይ ነው የምትጮኸው?»

«ያገኘችው ላይ። መስታወቱን ላጥብ ብዬ የውሃ መርጫውን እጀታ ስስበው ውሃው ይቀርና ክላክሱ ይነፋል። በተለይ ጧት ጧት፣ እዚያ ሻይ ቤቱ መታጠፊያ ላይ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስትመታኝ ከአቧራው ጋር ተባብራ ታሳውረኛለች። ምናልባት ዛሬ ይረጭልኝ እንደሆን ብዬ እስባለሁ፤ ይጮሃል። ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ ያየኛል። በእፍረት አለቅኩ።»

ዓይናዲስ ፊቷን እንዳያይባት ወደ ኮፈኑ ዞረች። የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል ነገር ከደረቷ ላይ ተነሣ። ስንት ጧት አንጀቷን የበላት ነገር፣ ሽቦ ነው። ሽቦ ከሆነ ደግሞ የእሷ ግዛት ነው። ይታየሽ ብቅ ማለቷስ? ደጇ ላይ የጮኸ መኪና ለማየት የማይወጣ ማን አለ፤ አሮጊት እንኳ ትወጣለች። ምስኪን ይታየሽ፣ በማታውቀው ነገር ስንት እርግማን በኽምጥኛም በአማርኛም ወረደባት።

«አምፖሉን ያዝ» አለችው። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ደረቅ ነበር፤ እጇ ግን ይዘፍን ነበር።

ከፊውዙ ጀመረች። ከዳሽቦርዱ ሥር ጎንበስ ብላ ክዳኑን ስትከፍት፣ ፊውዝ መኖር ያለበት ቦታ ላይ ከሲጋራ ፓኮ የተቀደደ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ ተወሽቋል።

«ይሄን ማን አስገባው?»

«እኔ ነኛ። ጽጽቃ ላይ ተቃጠለብኝ፤ እዚያ ፊውዝ ማን ይሰጠኛል?»

«ፊውዝ እኮ እንዲሞት ነው የተሠራው። እሱን አትሙት ካልከው በእሱ ፈንታ ሽቦው ይሞታል።»

የመሪውን ሽፋን ፈታች። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ። የውሃ መርጫውና የክላክሱ ቀጫጭን ሽቦዎች ጎን ለጎን ነው የሚያልፉት፤ አንዱ ሲግል ልባሳቸው ቀልጦ ውስጣቸው ተጣብቋል። ሁለቱም ሥራቸውን የሚሠሩት ጫፋቸው ከመኪናው ብረት ጋር ሲገናኝ ነው። እንግዲህ ሸጋው ውሃ ብሎ አንዱን ሲስብ ሌላውም አብሮ ይሳባል፤ ክላክሱም የተጠራ መስሎት ይጮሃል።

«አየህ» አለችው። «ሁለት ጎረቤት እሳት ተነሥቶባቸው ግድግዳቸው ፈረሰ። አሁን አንዱን ስትጠራ ሌላው አቤት ይላል።»

ሸጋው ሳቀ። አያ ምሳው ከወዲያ ጎማ እየነቀለ፣ «ዛሬ ደግሞ ምሳሌ በምሳሌ ሆነሻል፤ ጾም ላይ ምን አግኝተሽ በላሽ?» አላት።

ዓይናዲስ እጇን ጠራርጋ እስከ በሩ ሄደች። «ይታየሽ፣ ለሦስታችን ሻይ አምጪልን፤ በእኔ ነው» ስትል ወደ መንገዱ ማዶ ጠራች። የይታየሽን ስም አሳምራ የጠራችው ያን ቀን ነው።

ሽቦዎቹን ለያይታ እንዲያው ብትጠቀልላቸው በቃ ነበር። ግን በግማሽ ሥራ የምትተኛ አይደለችም። ሽቦ ያለ ምክንያት አይቀልጥም። ከአቅሙ በላይ ኤሌክትሪክ የጠጣ አለ። የሙከራ አምፖሏን ይዛ ኮፈኑ ሥር ወዳለው ፓምፕ ሄደች፤ ሸጋው እጀታውን ሲስብ አምፖሉ ቦግ አለ። ኤሌክትሪኩ ይደርሳል ማለት ነው። ፓምፑ ግን ዝም። አፍነውት እንደሚታገል ሰው ኃይሉን እየሳበ፣ አይዞርም። የውሃውን ጋን ፈትታ አወጣችው። ከበዳት። ታቹ ላይ ወፍራም ግራጫ ጭቃ ተኝቷል።

«ይሄ የጽጽቃ አቧራ ነው?»

«አቧራ ይሆናል» አለ ሸጋው፣ ወደ ጎማው እያየ።

ዓይናዲስ ጋኑን ዘቅዝቃ እዚያው የጋራዡ መሬት ላይ ልትደፋው ስትል፣ ሻዩን በትሪ ይዛ የገባችው ይታየሽ፣

«እዚያ አትድፊው፤ እግር ይረግጠዋል» አለች።

ጋኑ በዓይናዲስ እጅ ላይ ቀረ። ከአሮጌ መኪና ሆድ የወጣ ጭቃ ነው። በየቀኑ ዘይትና ናፍታ የሚፈስበት መሬት ነው። ማን ረገጠው ማን አልረገጠው፣ ይታየሽን ምን አገባት? ጣቷን ነከረች። ላመ፣ ተነፍቶ የተሰለቀ አመድ መሰለ። በልጅነቷ ንዳድ ሲይዛት እናቷ ከግንባሯ እስከ አገጯ የምትቀባትን አስታወሰች። ከገዳም የሚመጣው እምነት ነው።

ቀና ብላ ሁለቱን አየቻቸው። ሸጋው አሁንም ጎማውን ያያል። ይታየሽ ጥርሷ ዛሬ የለም።

«አንቺ ነሽ የጨመርሽው?»

ይታየሽ ትሪውን ባትሪ ላይ አስቀመጠች። «ወደ ጽጽቃ የሚወርደውን ቁልቁለት ታውቂዋለሽ። ስንቱን በልቷል። ወንድሜ ከገዳም ያመጣልኝን እምነት በጠበል በጥብጬ ጨመርኩበት። መስታወቱ ላይ በተረጨ ቁጥር መንገዱን ይባርክለታል ብዬ።»

«እሱስ ያውቅ ነበር?»

«ኮፈኑን የከፈትኩላት እኔ ነኝ» አለ ሸጋው ቀስ ብሎ። «ጠበል ማንን ጎድቶ ያውቃል ብዬ።»

ክላክሱ ሽቦ ነበር። ልክ ናት፤ ሽቦ ነው ያለችው ሽቦ ነው። ግን ሽቦው የተቃጠለው በዚህ ነው። ዓይናዲስን ያን ሰዓት ያቃጠላት ጥርሱም መታጠፊያውም አይደለም። ለዚህ መኪና ስንት ገመድ ቀጥላለች፣ ስንት ሌሊት ስለ መብራቱ አስባለች፤ ገደሉ ግን አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም። ይቺ ሻይ አፍይ፣ ፓምፕና ባትሪ የማትለየው፣ የሰውየውን ነፍስ አስባ ተነሣች። በዚህ መቀደሟ ነው አንጀቷን የቆረጠው። ጭቃውን እዚያው ይታየሽ እግር ሥር ልትደፋው ቃጣት።

አልደፋችውም። ጋኑን ታቅፋ ወደ አጥሩ ሄደች፤ ሰው የማይረግጠው ቁልቋል ሥር ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው። ይታየሽ ከኋላዋ አማተበች።

«እምነት ለግንባር ነው፣ ይታየሽ» አለቻት ስትመለስ። «ፓምፕ ውስጥ ሲገባ ይደርቅና ያንቀዋል። ይጠብቀው ብለሽ ቁልቁለቱ ላይ መኪናውን ልታቃጥይበት ነበር።»

ይታየሽ ቀላች። ግን አልሸሸችም። «አንቺ ሽቦውን ታውቂያለሽ፤ ሽቦውን ሠራሽለት። እኔ የማውቀውን አደረግኩ» አለችና ትሪዋን ትታ መንገዱን ተሻገረች።

ሻዩን የጠጣው የለም። ዓይናዲስ ፓምፑን ፈታትታ፣ የደረቀውን በቡሩሽ እየፋቀች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«የፋሲካው ጉዳይህ ምን ነበር?»

ሸጋው ራሱን አከከ። «አያ ምሳው ሽማግሌ ሆነው የይታየሽ አባት ዘንድ እንዲሄዱልኝ ነዋ። እኔ እዚህ ዘመድ የለኝም፤ እናቴ ሰሃላ ናት። ዘመዶቼ እናንተው ናችሁ። አንቺ ብትሆኚ ለኔ እንደ እህቴ ማለት…»

«እህት ካማረህ ሰሃላ ሂድና እናትህን ጠይቃት፤ ትውለድልህ። እዚህ ጋራዥ ነው። አምፖሉን አስቀምጥና ውጭ ጠብቅ።»

ውጭ ወጣ። ዓይናዲስ ብቻዋን ዳሽቦርዱ ሥር ገባች። ያ የሲጋራ ወረቀት እንደተወሸቀ ነው። ነቀለችው። ቦታው ላይ ብትመልሰው ማን ያያል? ውሃው ይረጫል፣ ሸጋው አመስግኖ ይሄዳል፤ ከዚያ አንድ ቀን፣ የሆነ ቁልቁለት ላይ፣ ሽቦው ጭስ ቢያስወጣ የሰው ሁሉ ጣት የሚጠቁመው ወደ ይታየሽ ጠበል ነው። ሐሳቡ እንደ እባብ ቀዝቃዛ ነበር፤ አንገቷ ላይ ሲሄድ ተሰማት። «እግዚኦ» አለች ለራሷ። ወረቀቱን ጨምድዳ በመስኮት ወረወረችውና ከኪሷ ትክክለኛውን ፊውዝ አውጥታ ሰካች። የተቃጠለውን ቆርጣ አዲስ ሽቦ ቀጠለች፣ ሁለቱን ለየብቻ ጠቀለለቻቸው፣ የሚያልፉበትንም መንገድ ለየች። ሥራው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከሠራችው ሁሉ የጠራ ነበር። ማንም ተነሥቶ የዓይናዲስ እጅ በቅናት ተንቀጠቀጠ እንዲል አልፈለገችም።

ፓምፑንና ጋኑን መልሳ፣ ውሃ ሞልታ እጀታውን ስትስበው ንጹሕ ውሃ በሁለት መስመር ተነሥቶ መስታወቱ ላይ ወረደ። ክላክሱ ትንፍሽ አላለም። ሸጋው ከውጭ በመስታወቱ አይቶ ፈገግ አለ፤ እሷ ግን የመስታወቱን መጥረጊያ ለቀቀችበትና ፊቱን ከፊቷ አጠፋችው።

መኪናው ከወጣ በኋላ አያ ምሳው እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ሁሉንም ሰምቷል፤ የእሷንም ነገር ገና ዱሮ ያወቀ ሰው ነው።

«ልሂድለት ወይስ ታመምኩ ልበል?» አላት። «አንቺ አትሂድ ካልሽኝ አልሄድም።»

ዓይናዲስ የሻዮቹን ብርጭቆዎች ሰብስባ ትሪው ላይ ደረደረች። አንዱን አነሣችና በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። በርዷል፤ ስኳሩም በዝቷል።

«ይሂዱለት» አለች። «ጋቢዎን ያሳጥቡ፤ ዘመድ የለውም እንዳይባል። ልጅቷ ለእሱ የምታስብ ናት። ግን ከእንግዲህ መኪናው ሲመጣ ቁልፉን ሰጥቶ ይሂድ። አጠገቤ ቁሞ መብራት አይያዝልኝ።»

«ቅር ብሎት ሌላ መብራት ሠሪ ቢፈልግስ?»

«ይፈልግ። ወልድያ ድረስ ይውረድ።»

ትሪውን አንሥታ መንገዱን ተሻገረች፤ ለይታየሽ ራሷ ልትመልስላት፣ ያንን ፊት ደግሞ በቅርብ ልታየው።