ሁለት ምት ማለት ቁም ነው

ማሽኗን ሠራተኛው ሁሉ ኤሊ ይላታል። ዝቅ ያለች፣ ጠባብ፣ በጎማ ሰንሰለት የምትሄድ መኪና ናት። ከፊት አንድ መቀመጫ፣ ከኋላ የተለቀመ ፖም የሚጫንበት ጠፍጣፋ ብረት አላት፤ ሌላ ነገር የላትም። የእኛ እርሻ ዛፎች ተጠጋግተው ስለተተከሉ ትልቅ ትራክተር በመሃላቸው አያልፍም። ኤሊ ግን ታልፋለች፤ እሷም በግራና በቀኝ አንድ አንድ መዳፍ እየቀራት ነው። ባሌ አስራ አንድ ዓመት ነድቷታል። ሰዉ ስሙን ትቶ ባለኤሊው ነው የሚለው። እሱም እንዲህ ብለው ሲጠሩት ደስ ይለው ነበር፤ ይሰማ በነበረበት ጊዜ።

እያንዳንዱ የዛፍ መደዳ ጫፉ ላይ በግንብ ይዘጋል። ስለዚህ ኤሊ ወደ ፊት ትገባና ስትሞላ በኋላ ማርሽ ትወጣለች። የተደራረቡት ሳጥኖች ከነጂው ራስ በላይ ስለሚሆኑ፣ ዞሮ ቢያይም የሚያየው ሳንቃ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ተከታይ የሚያስፈልገው። ተከታይ የሚባለው ዱላ ይዞ በኤሊ ጭራ በኩል የሚሄደው፣ ቅርንጫፍ የሚገፋው፣ ያዘነበለ ሳጥን የሚደግፈው ሰው ነው። በዱላው የጭነቱን ብረት አንድ ጊዜ ከመታ ሂድ ነው። ሁለት ጊዜ ከመታ ቁም ነው። ትናንት የተቀጠረ ሰው እንኳ ይቺን ያውቃታል።

ሰባት ዓመት ተከታዩ እኔ ነበርኩ። ቤትም ከኋላው፣ ሥራም ከኋላው እያልኩ እቀልድበት ነበር።

ጆሮውን የበላችው ራሷ ኤሊ ናት። ሞተሯ ከመቀመጫው ሥር ነው፤ ቀኑን ሙሉ እላዩ ላይ ስትጮህበት ትውላለች። መጀመሪያ የነቃሁት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ሁለት ጊዜ መታሁ፣ አልቆመም፤ አንዱን የዛፍ መደገፊያ ቋሚ ገጭቶ ሰበረው። «ቀስ ብለሽ ነው የመታሽው» አለኝ። በማግስቱ ክንዴ እስኪዝል መታሁ። ወይ ፍንክች! ደሜ ፈላና አንድ ፖም አንስቼ በሳጥኖቹ ላይ አሻግሬ ወረወርኩ። አናቱ ላይ አርፎ መሰለኝ፣ ኤሊ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ በኋላ ለሳምንት ያህል ስንት ፖም በባሌ አናት ላይ እንዳለቀ እኔ ነኝ የማውቀው። እንስቅም ነበር። አሁን ሳስበው ያኔ መሳቅ አልነበረብንም።

ገመዱን ያመጣው እሱ ነው። ቀጭን ሲባጎ፣ አንዱን ጫፍ ከቀበቶው አሰረው፤ በሳጥኖቹ ሥር አሾልኮ ሌላውን ጫፍ ለእኔ ሰጠኝ። ዱላውን ለሰው እመታለሁ፣ ገመዱን ለእሱ እስባለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ የሳጥኖቹ መሸፈኛ ሸራ ገመድ ነው እላለሁ። «ከዚች ወንበር ካነሱኝ ምን ነኝ?» አለኝ አንድ ቀን፣ እጄን ይዞ። «ፖም ተሸካሚ ልሁን? በዚህ ዕድሜዬ መሰላል ልውጣ?» አንጀቴን በላውና ምላሴን ዋጥኩ። ቤት ውስጥ አንድ ነገር ልነግረው ስፈልግ ዞሬ ፊቱ እቆማለሁ፤ አፌን አይቶ ይመልስልኛል። ሰው ሲበዛ ደግሞ ራሱን እየነቀነቀ ይስቃል። ጎረቤታችን እናቱ መታመማቸውን ሲነግረው «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ» ብሎ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አሰኝቶኛል።

እንዲህ እያልን ሁለት ምርት አወጣን። በሦስተኛው፣ አንድ ማለዳ፣ ካቦው ወደ እኔ መጣ።

«አንቺ ዛሬ መለያ መጋዘን ግቢ። ሁለት ሰው ቀርቶብኛል።»

«ኤሊዋንስ ማን ይከተላል?»

«እህትሽ። መቼም ዱላ መያዝ አያቅታትም።»

ክው አልኩ። ታናሼ ከእኔ በአስራ ሁለት ዓመት ታንሳለች። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ለቃሚ ሆና እዚሁ ያስቀጠርኳትም እኔ ነኝ። እኔን እትዬ፣ ባሌን ጋሼ ትላለች። ስትስቅ እስከ ግንቡ ድረስ ይሰማል። ክፋት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ምስጢር ግን አፏ ላይ አያድርም። ዛሬ ብነግራት በምሳ ሰዓት ለቃሚው ሁሉ፣ ከምሳ በኋላ ካቦው ይሰማል። ይህንን እያሰብኩ ነው ወደ እሷ የሄድኩት።

«ይቺን ገመድ ያዢ። ከእጅሽ እንዳትለቂያት።»

«የምን ገመድ ነው እትዬ?»

መናገር ያኔ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ «የሸራው ነው። እንዳይወድቅ» አልኳት።

«በአንድ እጄ ዱላ፣ በአንድ እጄ ገመድ፤ ቅርንጫፉን በጥርሴ ልግፋው?» ብላ ሳቀች።

«ያዢ ብያለሁ ያዢ!»

«እሺ በቃ፣ አትቆጪ። በጠዋቱ ምን ነካሽ?»

ከዚያ ዞሬ ባሌ ፊት ቆምኩ። መቀመጫው ላይ ወጥቶ ጓንቱን እያጠለቀ ነበር። «ዛሬ ታናሼ ናት» አልኩት፣ ከንፈሬን ለይቼ። ፊቱ ጨለመ። «የገመዱን ነገር ነገርሻት?» አለኝ። «ነግሬያታለሁ» አልኩት። ሁለት ውሸት በሁለት ደቂቃ ውስጥ። እሱ ግን አመነኝና ሞተሩን አስነሳ።

መለያ መጋዘኑ ከመደዳዎቹ ሃምሳ እርምጃ ቢርቅ ነው። እኔን በሩ አጠገብ አቆሙኝ፤ የተመታውን ፖም ከደህናው እለያለሁ። እጄ ፖም ላይ ነው፣ ጆሮዬ ውጭ ነው። ሌላው ሠራተኛ የዱላ ድምፅ ከቁም ነገርም አይቆጥረው፤ ቀኑን ሙሉ ሲመታ ስለሚውል ለምዶታል። እኔ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ በእጄ የመታሁት ነው። አንድ ምት ሰማሁ፤ ኤሊ ገባች። ቆየችና ደግሞ አንድ ምት፤ ሞልታ እየወጣች ነው ማለት ነው። እፎይ ልል ስል ሁለት ምት ሰማሁ።

ሞተሩ አልበረደም። ደግሞ ሁለት ምት። ሞተሩ ያው ነው። ከዚያ ምቱን መቁጠር አቃተኝ፤ በላይ በላዩ፣ እንደ እብድ ይመታ ነበር። ከዚያ ዱላው ዝም አለ፣ የእህቴ ጩኸት መጣ።

ስደርስ ኤሊ ቆማለች። ያቆማት እሱ አይደለም፤ ሳጥኑ በቋሚው ተይዞ እንቢ ስላላት ነው። ላይኛው ሳጥን አዘንብሎ ነበር። ታናሼ ጥጉን በቀኝ እጇ ደግፋው ነበር፤ በሳጥኑና በቋሚው መሃል የቀረው ያ እጅ ነው። ባሌ ከወንበሩ ወርዶ ፖም እየረገጠ መጣ። «ለምን አልመታሽም?» ይላል በዚያ ወፍራም ድምፁ፣ «ለምን አልመታሽም፣ ልጄ? ለምን?»

ሁለት ጣቷን ቆረጡላት። በማግስቱ ሆስፒታል ስገባ እጇ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተቀምጧል። አልሳቀችም። ሳትስቅ ሳያት የሌላ ሰው አልጋ ጋ የመጣሁ መሰለኝ።

«ካቦው መጥቶ ነበር» አለችኝ። «አልመታችም ብሏል ጋሼ። እትዬ፣ እኔ መትቻለሁ እኮ። የመታሁ ነው የሚመስለኝ። ግን ጋሼ አይዋሽም። ምናልባት ደንግጬ የመታሁ መስሎኝ ይሆን?»

ብርድ ልብሷን አስተካከልኩ፤ የተስተካከለውን ደግሜ አስተካከልኩ።

«ገመዱን ግን አለቀቅኩም» አለች። «ሁለት እጄን ሲይዝብኝ ጊዜ የሳጥኑ ጥግ ላይ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ሸራው አልወደቀም አይደል?»

ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። አንዷ ነርስ «አይዞሽ፣ ትድናለች» አለችኝ። እሷ የምታለቅስ እህት ነው ያየችው። የማለቅሰው ለእጇ ብቻ ቢሆን ምንኛ በቀለለኝ።

በሦስተኛው ቀን ቢሮ እንድንቀርብ ተነገረን። ነገሩ ግልጽ ነው። ታናሼ አልመታችም ከተባለ ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ትባረራለች፣ ሆስፒታሉንም ራሷ ትቻለው ይባላል። ሁለት ጣት የጎደላትን ለቃሚ ደግሞ የትም እርሻ አይቀጥራትም። መትታለች ከተባለ ባሌ ወንበሩን ያጣል። ሦስተኛ መንገድ የለም፤ ሌሊቱን ሙሉ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ጠዋት ጫማውን ሲያስር ፊቱ ቆምኩ።

«መትታለች» አልኩት። «እኔ መጋዘን ሆኜ ሰምቻለሁ።»

ጫማውን ትቶ አየኝ። «ብትመታማ ገመዱንም ትስብ ነበር። ገመዱ አልተነቃነቀም። ነግሬያታለሁ ብለሽኛል።»

«አልነገርኳትም።»

ከንፈሬን ያነበበው መሰለኝ። ዓይኑን ከፊቴ አንስቶ ወለሉ ላይ ጣለ። እሱ መስማት ሲያስጠላው የሚያደርገው እንደዚህ ነው፤ ሌላው ሰው ጆሮውን ይይዛል፣ የእኔው ባል ዓይኑን ያነሳል። «እንሂድ፣ ይረፍድብናል» ብሎ ተነሳ።

ቢሮው ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ የብረት መዝገብ ማስቀመጫ፣ ወደ መደዳዎቹ የሚያይ ሰፊ መስኮት። ሥራ አስኪያጇ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ካቦው ከጎኗ። ሴትየዋ ረጋ ብላ፣ ባሌን ፊት ለፊት እያየች ነው የምትናገረው፤ ስለዚህ አንድም ቃል አላመለጠውም።

«ሁለት ምት ሰምተዋል?»

«አልሰማሁም። ብትመታ እቆም ነበር። አስራ አንድ ዓመት ስነዳ ሰው ነክቼ አላውቅም።»

እውነቱን ነው። አልሰማም፤ እስከዚያች ቀን ሰው ነክቶም አያውቅም። ሴትየዋ ጻፈች። «አመሰግናለሁ፤ ጨርሰናል» አለችው። እሱም እንደተገላገለ ሰው ተነስቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶን መስኮቱ ጋ ቆመ። ውጭ ኤሊ እየሠራች ነበር። ሌላ ሰው ነው የሚነዳት።

ሥራ አስኪያጇ ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎ በዕለቱ መጋዘን ነበሩ። የሰሙት ነገር አለ?»

እንደ ሁልጊዜው ቢሆን መጀመሪያ ዞሬ ፊቱ እቆም ነበር። እግሬ ሊነሳም ቃጥቶት ነበር። ከወንበሬ አልተነሳሁም። ጀርባውን፣ ጠዋት የተኮስኩለትን ሸሚዝ እያየሁ ተናገርኩ።

«እህቴ መትታለች። ሁለት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ስፍር ቁጥር የሌለው። እሱ አይሰማም። ሁለት ዓመቱ ነው። በገመድ ነበር የማቆመው። ለእህቴ የሸራ ገመድ ነው ብዬ ዋሸኋት። በጣቷ መቆረጥ የእኔ እጅ አለበት።»

ካቦው አፉን ከፈተ። ሥራ አስኪያጇ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሁለቱም ዞረው ባሌን አዩት። አሁን ይዞራል፣ ይቆጣኛል፣ ውሸቷን ነው ይላል ብለው የጠበቁ መሰለኝ።

«ባለኤሊው» አለ ካቦው ቀስ ብሎ። ከዚያ ጮክ ብሎ ደገመው። ከዚያ ተነሳና በመዳፉ የብረቱን መዝገብ ማስቀመጫ ሁለት ጊዜ መታው። ክፍሉ ተናጋ፤ እኔ ከወንበሬ ዘለልኩ።

ባሌ ንቅንቅ አላለም። ግንባሩን ወደ መስታወቱ አስጠግቶ ማሽኑን ያያል።

«ማርሹን አያውቅበትም ይሄ ሰውዬ» አለ ሳይዞር፣ በዚያ መደዳ ውስጥ በሚጮህበት ድምፁ። «ቀስ ማለት አለበት። ሳጥኑን ሊጥለው ነው።»

ካቦው መዳፉ ብረቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ሥራ አስኪያጇ አንገቷን ደፍታ ወረቀቱን ታያለች፤ አትጽፍም። ያኔ ተነሳሁ። ጠረጴዛውን ዞሬ በእሱና በመስኮቱ መሃል ገባሁ። ፊቴን ሲያይ ፈገግ አለ፤ ካገባሁት ጀምሮ የማውቀው ፈገግታ ነው።

«ጨረሳችሁ?» አለኝ። «ምን አላችሁ?»

ሁለት እጁን ያዝኩ። ከንፈሬን ለይቼ፣ ቀስ ብዬ፣ አንድም ቃል ሳላስቀር ነገርኩት። ዓይኑን ሊያነሳ ሲል አገጩን ያዝኩት።