ያልተገለበጠው ውሃ ልክ

ዶክተር ዲሪር ውጭ አገር አራት ዓመት ተምሮ ሲመለስ ዋናው ጓዙ ትዕቢት ነበር። በተረፈው ቦታ ጥቂት የልብ ሕክምና ሸጉጦ ይሆናል። እኔ ናይማ ጅግጅጋ ነው ያደግሁት፤ ነርስነትም እዚያው ተማርኩ። አሁን ሐርጌሳ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የግፊት መለኪያውን ማሽን እይዛለሁ፤ ሐበሻ በሽተኛ ሲመጣም አስተረጉማለሁ። እሱ ግን «ቁልፍ ነካኪዋ» ነው የሚለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት የተኙት ጋሽ ገነነ ነበሩ፤ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ውስጥ ፎቅ የሚሠሩ ግንበኛ። ደረታቸውን ይወጋቸዋል፤ አንዱ የልባቸው ደም ሥር ጠቧል። ጥበቱ ደም የሚያግድ ከሆነ ስቴንት፣ ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ የብረት ወንፊት፣ ይገባላቸዋል። ስቴንት ከገባ ደግሞ እንጀራቸው ተቆረጠ፤ አሠሪያቸው ባሬ «ልቡ ውስጥ ብረት ያለው ሰው እኔ ፎቅ ላይ አይወጣም» ብሎ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ግንበኛ ከዚያ ወርዶ ምን ይሠራል?

በእጃቸው አንጓ ባስገባነው ቱቦ ውስጥ ቀጭን ሽቦ አሳለፍን። ጫፉ ላይ ያለው መለኪያ ከጥበቱ ወዲያ ያለውን ግፊት ከወዲህኛው ጋር ያነጻጽራል፤ ያለ ምንም መድኃኒት፣ ሰውየው እንዳረፈ። ማሽናችን ይህን በሁለት መንገድ ያሰላል። ሙሉውን የልብ ምት የሚወስደው ከመቶ ዘጠና ሁለት አለ፤ በሱ ስሌት ከዘጠና አንድ በላይ ከሆነ ጤና ነው። ልብ የምትላላበትን ቅጽበት ብቻ የሚወስደው ሰማንያ ሰባት አለ፤ በዚህኛው ሰማንያ ዘጠኝና ከዚያ በታች በሽታ ነው።

ሁለት ምስክር ሲጣላበት አስተዋይ ሰው ቆም ይላል። የኛ ሊቅ ግን የሚጥመውን መረጠ። ስቴንት ባስገባ ቁጥር ፎቶ ተነስቶ ፌስቡክ ላይ ይለጥፋላ!

«ሰማንያ ሰባቱ ነው ትክክሉ፤ ወላሂ፣ አይኔን አላሽም» አለ በሶማሊኛ።

«ዶክተር፣ ሽቦውን ወደ ደም ሥሩ መነሻ መልሰን ብናየውስ? እዚያ ሁለቱ ግፊቶች እኩል ናቸው፤ መቶ ካላለ ልኬቱ ተሳስቷል።»

«ጅግጅጋ ነው ይሄን ያስተማሩሽ? ስቴንት እንደማስገባ ንገሪውና ይስማማ።»

ነገርኳቸው። ሁለቱ ቁጥሮች እንዳልተስማሙም ጨመርኩበት። ጋሽ ገነነ ዓይናቸውን ከጣሪያው ወደ ማሽኑ መለሱ።

«ውሃ ልኩን ገልብጦ አይቶታል?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«እኛ ግድግዳ ላይ ውሃ ልክ ስናስቀምጥ አንዴ አይተን አናምነውም። ግራውን ወደ ቀኝ አዙረን መልሰን እናስቀምጠዋለን። አረፋዋ ቦታ ከቀየረች ጠማማው ግድግዳው አይደለም፣ ውሃ ልኩ ነው። በማርያም፣ ይሄ ሰውዬ መሣሪያውን ሳያይ ነው እኔን ጠማማ የሚለኝ?»

ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩለት። ያን ሁሉ ትምህርት አንድ ግንበኛ በጀርባው ተኝቶ አዋረደው! በሽተኛው ካልተስማማ ምንም ማድረግ አይችልምና እየተነጫነጨ ሽቦውን ወደ መነሻው ሳበው። ማሽኑ መቶ ማለት ሲገባው ዘጠና ስድስት አለ።

ግፊቶቹን እኩል አድርገን እንደገና ለካን። ሙሉውን ምት የሚወስደው ዘጠና ስድስት፣ ቅጽበቷን የሚወስደው ዘጠና አንድ። ሁለቱም ስቴንት አያስፈልግም አሉ። ዶክተሩ «ማሽኑ አርጅቷል» ብሎ ጓንቱን ወርውሮ ወጣ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ዕቃውን ስሰበስብ ግን ሽቦው ወደ ቱቦው የገባባትን መርፌ አየኋት። በሷ በኩል ግፊት ስለሚያፈተልክ፣ እኩል ማድረጊያውን ቁልፍ ከመጫኔ በፊት መውጣት ነበረባት። ከመለካታችን በፊት መጀመሪያ ስጫን አልወጣችም ነበር፤ ያወጣኋት ከተጫንኩ በኋላ ነው። ዶክተሩን በሆዴ እየሰደብኩ ስለነበር ልብ አላልኩም። እሱ አለመፈተሹ ጥፋት ነው፤ ማሽኑን ያሳሳትኩት ግን እኔ ነኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ራሴን ናቅሁት።

አልጋቸውን ወደ ክፍላቸው እየገፋሁ ለጋሽ ገነነ እውነቱን ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር።

«ለዶክተሩስ ነገርሽው?» አሉኝ።

«አልነገርኩትም።»

«ነገም የሚተኛ ሰው አለ አይደል?»

ነበር። ሁለት ሰው ተመዝግቧል። እሳቸውን ክፍላቸው አድርሼ ተመለስኩና የዶክተሩን በር አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለ።

«ቁልፍ ነካኪዋ» አልኩት።