የብረቱ ጎረቤቶች

"ክፍሉ ሊዘጋ ነው፤ ያላችሁ ሁሉ ውጡ!" አለች በድምፅ ማጉያው የተቀዳችው ሴት።

"እሺ እመቤቴ፣ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ" አላት የድንጋይ ተመራማሪው፤ ጨረር የማያሳልፈውን ከባድ በር በትከሻው ገፍቶ ዘጋ። ባልደረባው ሚስቱ ወልዳ ወደ ቤቱ ከሄደ ሦስት ቀኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ያናገረችው እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን ሰው አይደለችም።

ከበሩ ወዲያ፣ የኳስ ሜዳ የሚውጠው ክብ ማሽን፣ ፀሐይን አፍራ እንድትደበቅ የሚያደርግ ኤክስሬይ በተቆረጠው ድንጋይ ላይ ይለቅበታል። በድንጋዩ ውስጥ ያለው ብረት ምን ያህሉን እንደዋጠ ኮምፒውተሩ ላይ መስመር ሆኖ ይሳላል። ከመስመሩ ጉብታና ጎድጓዳ፣ አንድ የብረት አቶም ስንት ጎረቤት እንዳለውና ምን ያህል እንደሚርቁት ይነበባል። ተመራማሪው የአቶሙን ጎረቤቶች አንድ በአንድ ይቆጥራል። እሱ ባረፈበት ክፍል ግን፣ ከግድግዳው ማዶ የሚያስለው ሰው ወንድ ይሁን ሴት አያውቅም።

ስልኩ ጮኸ፤ ታላቅ እህቱ ነበረች።

"አንተ የድንጋይ ሐኪም፣ በሽተኛህ ተሻለው?"

"ብሶበታል እትዬ። በለካሁት ቁጥር መስመሩ ወደ ግራ ይሸሻል። ማሽኑ ሳይበላሽ አልቀረም።"

"ምን ማሽኑን ታማለህ? እንደዚያ ሲያፈጡበት ማን ያልተለወጠ!"

እሷ ሳቀች፤ እሱ ግን ስልኩን ሳይዘጋ ወደ ማሽኑ መቆጣጠሪያ ዞረ። ጨረሩን በድንጋዩ ላይ ፀጉር ታህል አንቀሳቅሶ ለካ። መስመሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። እዚያው ላይ ደገመው፤ ወደ ግራ ሸሸ። አየር ያልነካው ብረት መስመሩ ወደ ግራ ያደላል፤ ብረቱን ወደዚያ የሚለውጠው ራሱ ጨረሩ ነበር!

ያን ጊዜ የዓምናው ትዝ አለው። ዓምና "ይህ ድንጋይ አየር ሳይነካው ከምድር ጥልቅ የተወለደ ነው" ብሎ ሥራም ሽልማትም ያገኘው፣ አንዷን ነጥብ ስምንት ጊዜ ለክቶ፣ ውጤቱን በአማካይ አስልቶ ነው። የዓምናውን ፋይል ከፈተ። ስምንቱ መስመሮች ተራ እንደያዘ ሰው ተከታትለው ወደ ግራ ሄደዋል።

"አለህ?" አለች እህቱ።

"አለሁ። እማዬ ግድግዳ ላይ የሰቀለችው ሽልማቴ..."

"ለእንግዳው ሁሉ የምታሳየው?"

"ስሕተት ሳይሆን አይቀርም። አየር ያልነካው ያስመሰልኩት እኔው ነኝ።"

እህቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"ሌላ ያወቀ አለ?"

"ማንም።"

"እንግዲያማ..." አለችና ተወችው።

"መልሼ እደውልልሻለሁ እትዬ።"

ጨረሩ የእሱ የሚሆነው እስከ እኩለ ቀን ነው፤ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። ለስድስት ወር ተራ የጠበቀላቸው አሥራ ሁለት አዳዲስ ናሙናዎች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ወደ ጎን ገፋ አደረጋቸው። ከቦርሳው የዓምናውን ድንጋይ አወጣና ጨረር ያልነካው ጠርዝ እስኪያገኝ አገላበጠው።