ቅቤ የተቀባ ፍሬን

ሳህሉ በዚያ ዕለት መቀመጫ አጣ። ይቀመጥና ይነሳል፣ ካሚዮኗን ይዞራል፣ ዞሮ ሲያበቃ ምን ሊሠራ እንደ ተነሳ ይጠፋዋል። ቢጨነቅ አይፈረድበትም። እናቷ የሞተችባት አንድ ልጁ ሮማነወርቅ ዓይኗን ታማለች፤ የግራው ሊጠፋ ተቃርቧል። ድሬዳዋ የመጣው የዓይን ሐኪም ደግሞ ነገ ቀትር በባቡር ወደ ጅቡቲ ይሄዳል። ከዚያ በፊት ካልደረሱ አበቃ።

ያቺ አሮጌ ካሚዮን በገበያ ቀን ቡና፣ በበዓል ቀን ቤተ ዘመድ የምትጭን የቤተሰቡ መኪና ናት። ፍሬኗ በኋላ እግሮቿ ብቻ ነው። በየእግሩ ታምቡር የሚሉት ክብ ብረት አለ፤ በውስጡ ሁለት ጎባጣ ብረቶች ተቀምጠዋል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ተከፍተው ታምቡሩን ከውስጥ ይይዙታል። ብረቶቹ የሚለብሱት ሸራ አልቆ ብረት ብረትን መጋጥ ጀምሯል። እንዲህ ሆና የደንገጎን ቁልቁለት የምትወርድ መኪና ገደል እንጂ ድሬዳዋ አትገባም። አዲስ ሸራ በመርከብ ነው የሚመጣው፤ መርከብ ደግሞ የሳህሉን ችኮላ አያውቅም።

ስለዚህ ከከተማው ግንብ በሮች በአንዱ፣ በኤረር በር አጠገብ መጽሐፍ ወደሚጠርዙት ወደ አው በድሪ ሄደ። አዛውንቱ በሸራው ፋንታ ደረቅ የግመል ቆዳ ቆርጠው በመዳብ ሚስማር መቱለት፤ ታምቡሩን እንዳይቧጥጥ የሚስማሩን ራስ ቆዳው ውስጥ ቀበሩት። ሳህሉ ብረቶቹን ተሸክሞ ከግንቡ ውጭ ካለው ቤቱ ደረሰና ደጃፉ ላይ አስቀምጦ መኪና ማንሻ ክሪክ ሊዋስ ሮጠ። ሲመለስ ቆዳው ያብለጨልጫል። የአው በድሪ ሙያ መሰለውና ቆዳውን አንዴም ሳይዳብስ ብረቶቹን ገጠመ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ።

ሊሞክራት ቁልቁል ለቀቃት። ፔዳሉን ረገጠ፤ ካሚዮኗ ጭራሽ ፈጠነች። የሰው የድንጋይ አጥር ባያቆማት ኖሮ ገበያ መሐል ትገባ ነበር። ጎማውን ፈታ፣ ታምቡሩን አወጣ፤ የለጋ ቅቤ ሽታ አፍንጫውን መታው።

«እማማ! ይህን ማን ነካው?»

የሟች ሚስቱ እናት ወይዘሮ እልፍነሽ ኮራ ብለው ከቤት ወጡ። «እኔ ነኛ! ሙሽራ ስትወጣ አናቷን ትቀባ የለም? አዲስ ጎጆ ሲገቡ መቃኑ ይቀባ የለም? ታዲያ ለልጄ መንገድ ቅቤ ልሰስት ነው?»

«እማማ፣ ልጄን ገደሏት!» ብሎ ጮኸ።

በእሳቸው ላይ ጮኾ አያውቅም ነበር። አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሳህሉ ያኔውኑ አፈረ፤ ግን ይቅርታ የሚልበት ጊዜ እንኳ የለው፣ ብረቶቹን ጠቅልሎ ወደ ከተማው ሮጠ።

አው በድሪ ቆዳውን አሸተቱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ላ ሐውለ ወላ ቁወተ! ልጄ፣ ቆዳ የጠጣውን አይተፋም።»

«ሌላ ይቁረጡልኛ!»

«እኔ ዘንድ የቀረው ሁሉ በጮማ የታሸ ነው። ገበያ ያለው ደግሞ ርጥብ። ኢንሻአላህ በሳምንቱ ይደርቅልሃል።»

«ሳምንት!» ሳህሉ ወደ በሩ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ፀሐይዋ ልትገባ ነው። በዚህ መሐል ወይዘሮ እልፍነሽ እያለከለኩ ደረሱ፤ ጀርባቸው ላይ የተጠቀለለ ጀንዴ አለ። ሳህሉ ገና ሲያየው አወቀው። ሚስቱ ታማ የተኛችበት፣ ነፍሷም የወጣችበት የበሬ ቁርበት ነው። አሮጊቷ ግድግዳ ላይ ሰቅለውት ማንም እንዲቀመጥበት አይፈቅዱም ነበር።

«ቅቤ ነክቶት አያውቅም። ቁረጡት» አሉ።

አው በድሪ የአሮጊቷን ፊት አይተው ነገሩ ገባቸው። ቢላዋውን ይዘው «ከየት በኩል ልቁረጥ፣ እቴ?» ብለው ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ከራስጌው። ወፍራሙ እዚያ ነው።» ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሳህሉ እግራቸው ላይ ወደቀ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«ተነስ፣ ሥራህን ሥራ። የግንቡ በር ሊዘጋ ነው።»

ታምቡሩን በአመድ ፈትጎ፣ አዲሱን ቆዳ ገጥሞ፣ ልጁንና አማቱን ይዞ ማለዳ ተነሳ። ደንገጎ ላይ መንገዱ ሲቆለቆል ሳህሉ እየጸለየ ረገጠ። ካሚዮኗ አጉረመረመች፣ ዘገመች። በየመታጠፊያው ደጋግሞ ሲረግጥ ከኋላ እግሮቿ ጢስ ተነሳ፤ የሚቃጠል ቁርበት ሽታ መኪናዋን ሞላት።

ዓይኗን በጨርቅ የታሰረችው ሮማነወርቅ የአያቷን ክንድ ጨበጠች። «እምዬ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?»

ወይዘሮ እልፍነሽ ልጅቷን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«እናትሽ ናት» አሉ። «አትፍሪ።»