ከጀርባ ያለች እጅ

ሙሉቀን ግራኝ ነው። ልጅ ሳለ እናቱ ፈንታነሽ ግራ እጁን በመቀነቷ እያሰረች በቀኙ መጉረስ አስተማረችው። መጉረሱን ለመደ እንጂ ለሌላው ሥራ ሁሉ ግራው አዛዥ እንደ ሆነች ቀረች። ኋላ እንጀራውን ያገኘውም በዚያችው ስትታሰር በኖረችው እጅ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከደብረ ታቦር ዳር፣ መንገድ ሊሠሩ የመጡ ፈረንጆች ከሰፈሩበት ካምፕ ነው። ፈረንጆቹ መንገዳቸውን ሲጨርሱ አንድ የዛገ የውሃ ታንከርና አንድ የቴኒስ ሜዳ ጥለው ሄዱ። መረቡን ሰው ለዶሮ አጥር ወሰደው። ሙሉቀንና ጎረቤቱ ደረጄ ከፎገራ የዓሣ መረብ ገዝተው በቦታው ወጠሩ። ጉና በጉም ተጠቅልሎ ብርዱን ሲልክ፣ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ እቤቱ ሲከተት፣ እነሱ በጭቃው ላይ አመድ ነስንሰው ኳስ ይላላኩ ነበር። የአገሩ ሰው «እነዚህስ ወንፊት ይዘው ዝንብ የሚያባርሩ ናቸው» እያለ ይስቅባቸው ነበር።

ደረጄ በአምስት ዓመት ይበልጣል፤ ሙሉቀን «አያ» ይለዋል። አዲስ አበባ ወርደው ክለብ ገቡ። ለየብቻ ሲጫወቱ ሁለቱም ከመጀመሪያው ዙር የማያልፉ ሰዎች ናቸው። ደረጄ ጉልበቱ አይረዳውም፣ ሙሉቀን ደግሞ ብቻውን ሲቆም ልቡ ይርዳል። አጠገብ ለአጠገብ ሲቆሙ ግን ሌላ ፍጡር ይሆናሉ። ጥንድ ጨዋታ አበላቸው። ናይሮቢ፣ ካምፓላ፣ ኪጋሊ፣ አንዴም ቱኒዝ ድረስ ሄዱ። ስማቸው እንደ ቀንበር በሬ ተጠምዶ ነው የሚጠራ፤ አንዱን ብቻ ነጥሎ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የጥንድ ጨዋታ ምሥጢር ከጀርባ ባለች እጅ ነው። አንዱ መረቡ ሥር ቆሞ ለጓደኛው ጀርባውን ይሰጣል፤ ሌላው ከኋላ ሆኖ ኳሷን ይጀምራል። ከፊት ያለው እጁን ከወገቡ በስተኋላ አድርጎ፣ ባላጋራ ሳያይ፣ በጣቱ ይናገራል። አንድ ጣት ሲያሳይ በመሐል ላክ ማለቱ ነው፤ ሁለት ጣት ሲያሳይ በዳር። ጭብጥ ካደረገ ደግሞ ያለህበት ቁም፣ ንቅንቅ አትበል ማለት ነው። ሙሉቀን ሲጀምር ፊት የሚቆመው ደረጄ ነበር። ሙሉቀን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያችን እጅ ሲያይ ኖረ። አንድ ቀን እንኳ ዋሽታው አታውቅም።

ይችን ምሥጢር ወደ ቡሄም አምጥተዋት ነበር። በነሱ ሰፈር ቡሄ የጅራፍ ቀን ነው። ጎበዛዝቱ ሁለት ሁለት እየሆኑ ወጥተው ተራ በተራ ይገራረፋሉ። ሕጉ አጭር ነው፦ ለያንዳንዱ ሦስት ግርፊያ፤ ከአንገት በላይ ክልክል። መቺው ጀርባውን ሰጥቶ ስድስት እርምጃ ይሄድና ዞሮ ይመታል፤ ተመቺው አንዴ ብቻ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይዘላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቡሄ ቁስል ቂም የለውም፤ በሱ የተካሰሰ ሰው በአገሩ አልተሰማም። ደረጄ ስድስቱን እርምጃ ሲሄድ አንድ እጁ ከጀርባው ትሆናለች። አንድ ጣት ካሳየ ጅራፉ በግራ ይመጣል፤ ሁለት ጣት ካሳየ በቀኝ። ያየ ሰው ሱሪውን ከፍ የሚያደርግ ይመስለዋል። ሙሉቀንም በየዓመቱ ሳይነካ ይወጣል፤ ሰዉ «መድኃኒት አለው» እያለ ያማዋል።

ዘንድሮ ግን ሙሉቀን የያዘው ነገር ነበር። ኦቲየኖ የሚባል ኬንያዊ፣ ከነሱ እጅግ የሚልቅ ተጫዋች፣ ግራኝ አጋር ይፈልግ ነበርና ጻፈለት። ናይሮቢ ላይ፣ ከቡሄ በኋላ በአሥረኛው ቀን፣ አብረው ሊጫወቱ ስማቸው ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲያ ደቡብ አፍሪካ፣ ከዚያ ወዲያ አውሮፓ። ሙሉቀን ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሁለተኛ የሚያንኳኳ እንደማይመጣ ያውቃል። ለደረጄ ግን አልነገረውም። አዲስ አበባ ላይ «አገራችን ስንገባ» አለ። አውቶቡስ ላይ «ከበዓሉ በኋላ፤ ለምን በዓሉን አበላሽበታለሁ» አለ በልቡና ደረጄ ትከሻ ላይ ተኛ።

የቡሄ ለት ዝናቡ አባርቶ ሜዳው ላቁጦ ነበር። ዳኛው ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ በጎልማሳነታቸው የግራ ጆሯቸውን ጫፍ ለቡሄ የሰጡ ሽማግሌ። ከአንገት በላይ የተከለከለውም ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል።

«ኧረ ግራኙ መጣ! ደጃችሁን ዝጉ!» አለ አንዱ። ሰዉ ሳቀ።

መጀመሪያ መቺው ሙሉቀን ሆነ። ስድስት እርምጃ ሄዶ ዞረ። ደረጄ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ወዲያም ወዲህም አልዘለለም። ሙሉቀን የጅራፉን ጫፍ ባቱ ላይ ጣል አደረገለት።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ደረጄ። «ሙሽራ ነው የምትዳብሰው? ምታኝ እንጂ!»

«ኧረ ምታው! ልብ የለህም?» አለ ሰዉ።

ሁለተኛውንም አለሳልሶ መታ። ደረጄ ጠጋ አለውና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሙሌ፣ ከልብህ ምታኝ። አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት ምታኝ» አለው። ሙሉቀን ይህን ለተመልካች የሚደረግ ጨዋታ መሰለው። ሣቀ። ሦስተኛውንም እንደ ሁለተኛው አደረገ።

ተራው የደረጄ ሆነ። ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ፤ እጁ ከጀርባው፣ አንድ ጣት። ሙሉቀን ወደ ቀኝ ዘለለ፤ ጅራፉ በግራው በኩል ባዶ ጭቃ ላይ ጮኸ። ሰዉ «ወይ መድኃኒት!» አለ። ደግሞ ሄደ፤ አንድ ጣት። ሙሉቀን አሁንም ወደ ቀኝ ዘለለ፤ አሁንም ጭቃው ጮኸ። ሆዱ ሞቀው። ‹ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ፤ ይገባዋል፤ ወንድሜ አይደል› አለ በልቡ።

በሦስተኛው ደረጄ ቀስ ብሎ ሄደ። ከጀርባው ሁለት ጣት አሳየ፤ ጣቶቹ ቀጥ ብለው፣ እንደ ሁልጊዜው። ጅራፉ በቀኝ ሊመጣ ነው። ሙሉቀን ወደ ግራ ዘለለ፤ ለሚዛን ግራ እጁን ዘረጋት። ጅራፉም በዚያው፣ በተዘረጋችው እጅ በኩል፣ መጥቶ አንጓዋን ሁለት ዙር ጠመጠማት።

ይህ አንድ ነገር ነው። ስቶ ነው ይባል ነበር። ደረጄ ግን ጅራፉን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጥጃ ከጡት እንደሚለይ ሰው፣ ወደ ኋላ ሳበው። ሙሉቀን በፊቱ ወደቀ። እጁ ከሥሩ ታጥፋ ከድንጋይ ጋር ተገናኘች። ከጅራፉ ድምፅ ያነሰ ቀጭን ድምፅ ተሰማው።

«በቃ!» አሉ ጋሽ ወርቁ። «ሦስት ሞላ። ተቃቀፉ።»

ደረጄ አነሣው። አቀፈው። ጭቃውን ከፊቱ በጋቢው ጠረገለት። ሰዉ አጨበጨበ።

ባሕር ዳር ሐኪሙ የአንጓው አጥንት ሦስት ቦታ መሰበሩን አየ። «ሥራህ ምንድን ነው?» አለው። ሙሉቀን ነገረው። ሐኪሙ የራጁን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ሌላ ሥራ ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀው።

በአምስተኛው ቀን ደረጄ ሽማግሌ ይዞ እነ ፈንታነሽ ቤት መጣ። የቡሄ ቁስል ይቅርታ አይጠየቅበትም፤ እሱ ግን አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጁ ላይ ወደቀ። እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ጋሽ ወርቁ ዓይናቸውን ጠረጉ። ፈንታነሽ «ተው ልጄ፣ ተነሥ፣ በዓል ያመጣው ነው፤ እግዜር ይፍታህ» እያለች አለቀሰች።

«በል አንተም ይቅር በለው» አሉ ጋሽ ወርቁ ለሙሉቀን።

ሙሉቀን የደረጄን ማጅራት አየ። ድንጋዩ የተቀመጠበት ቆዳ ተልጧል።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ሌላ ምን ይበል?

ሽማግሌዎቹ ጠላ ሊቀምሱ ወደ ጓሮ ሲወጡ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ደረጄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ የታመመ ጉልበቱን ዘረጋ።

«መቼ ልትነግረኝ ነበር?» አለ።

ሙሉቀን የታሰረች እጁን ወደ ደረቱ ሳብ አደረገ።

«ደጀንን እንዳለፍን ስልክህ ጭኔ ላይ ነበር፤ ‹ያዝልኝ› ያልከኝ አንተ ነህ። ከኦቲየኖ መልእክት ገባ። ‹ለድሮው ጓደኛህ ነገርከው?› ይላል። አንተ ትከሻዬ ላይ ተኝተሃል፤ ለሃጭህ ሸሚዜን አርሶታል። እንዳትነቃ ብዬ እስከ ባሕር ዳር ሳልነቃነቅ ተቀመጥኩ። ይችን ጉልበት ደግሞ ታውቃታለህ።»

«ከበዓሉ በኋላ ልነግርህ ነበር፣ አያ።»

«ሦስቴ ምታኝ አልኩህ። አንዴ እንኳ ከልብህ ብትመታኝ ያቺን ሦስተኛዋን እተዋት ነበር። በጀርባ ገድለኸኝ በፊት ታባብለኛለህ?»

«እጄን እኮ ነው የወሰድክብኝ!»

«አንተስ ምኔን ልትወስድ ነበር?»

ከጓሮ የሽማግሌዎቹ ሣቅ መጣ። ደረጄ ከአልጋው ሥር የሙሉቀንን የራኬት ቦርሳ ጎትቶ አወጣ።

«ለኦቲየኖ ደወልኩለት» አለ ዚፑን እየከፈተ። «ሰው ካላገኘ ከውድድሩ ይወጣል። ነገ እሄዳለሁ።»

«እሱ ግራኝ ነው የሚፈልግ።»

«ፈልጎ ነበር። አሁን የሚፈልገው በሁለት እግሩ የሚቆም ሰው ነው።»

«በዚያ ጉልበት ሁለት ጨዋታ አትቆምም!»

«አውቃለሁ። አንድ ይበቃኛል።»

አንዱን ራኬት አወጣ። የእጀታው ጥቅል ለግራኝ የተጠቀለለ ነው፤ ቀኝ እጅ ሲይዘው ይላላል። ደረጄ ጫፉን በጥፍሩ አነሣና ይተረትረው ጀመር። ቀስ ብሎ፣ ሳይቆርጥ፣ ተረተረው። የሙሉቀን ላብ ያጠቆረው ጨርቅ እንደ ቁስል ፋሻ ጭኑ ላይ ተከመረ። ከዚያ አዲስ ጥቅል አውጥቶ በቀኝ በኩል ጠቀለለ። ሦስቱንም ራኬት እንዲሁ አደረገ። ሙሉቀን አልጋው ላይ ሆኖ ሲያይ ቆየ። የደረጄ አጠቃለል ያምራል፤ ሙሉቀንንም ያስተማረው እሱው ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ ደረጄ ቦርሳውን ዘግቶ። «የኦቲየኖን ጨዋታ በቪድዮ ስታይ ከርመሃል። ኦቲየኖ ሲጨንቀው ወዴት ነው የሚልክ?»

ሙሉቀን ሊዋሽ አሰበ። አፉ ግን አሥራ አንድ ዓመት የለመደውን አደረገ።

«በመሐል» አለ። እውነቱን ነበር።

ደረጄ ዓይኑን ትክ ብሎ አየው።

«እንግዲያው በዳር ነው» አለና ተነሣ።

ቦርሳውን በቀኝ ትከሻው አንጠልጥሎ እያነከሰ ወደ በሩ ሄደ። ግራ እጁ ከወገቡ በስተኋላ ነበረች። ሙሉቀን ላለማየት ፈለገ፤ ዓይኑ ግን ራሱ ሄደ። እጇ ጭብጥ ነበረች። የተተረተረውን ጨርቅ ጨብጦበት ይሆናል። ሙሉቀንም ያለበት ቀረ።

ጥቂት ቆይቶ እናቱ ሰሃን ይዛ ገባች። ዓይኗ ገና ቀይ ነው።

«በቡሄ ቁስል ድንጋይ ይሸከም? ልጅ ማለት እሱ ነው! እንዲህ ያለ ወንድም ሰው ከየት ያገኛል?» አለች። ሰሃኑን አልጋው ላይ አስቀምጣ፣ በጄሶ የታሰረችውን እጁን ጎን ላይ አስተካክላ አኖረችለት። «በል ብላ። እንኳንም በቀኝህ መጉረስ አስተማርኩህ።»