ማርታ የደበቀችው ማክሰኞ

«አየችው? ማርቲ፣ እማዬ አየችው?»

ማርታ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ሰክታዋለች፤ ሁለቱም እጆቿ የሬሳ ሳጥን ካታሎግ ላይ ናቸው። የቀብር አስፈጻሚው ሰውዬ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ በጣቱ ቡናማውን ያሳያታል። ኤልቃና በስልኩ ውስጥ ይጮሃል፣ ከኋላው ሰው ይስቃል፣ ሻወር ይንሿሿል፣ ውሃ የሚደፋበትም ያለ ይመስላል።

«ሆምራን መታሁ እኮ! ኳሷን አጥር ማዶ ላክኋት! በትልቁ ሊግ! ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ሰው የተቀመጠበት ነው የወደቀው! በቲቪ አየችው ወይ?»

«አይታዋለች» አለች ማርታ። «አጨብጭባለች።»

እናታቸው እልፍነሽ ከሞተች አንድ ቀን ከስድስት ሰዓት ሆኗታል።

«ስጪኛ!»

«ተኝታለች ኤልኩ። ጉንፋኑ አድክሟታል።»

«በቃ ትተኛ፣ ትተኛ። ነገ መጥቼ ራሴ አሳያታለሁ» ብሎ ዘጋው።

ማርታ ቡናማውን ነካች። ይሄኛው ይሁን።

ቆይ፣ እንዴት እዚህ እንደደረሰች ልንገራችሁ።

ኤልቃና ታናሽ ወንድሟ ነው፣ በሰባት ዓመት ትበልጠዋለች። አትላንታ ሲመጡ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሊቶኒያ ሰፈር ቤታቸው ፊት ለፊት ያሉት ልጆች አንድ ቀን የቤዝቦል ዱላ ሰጡት፣ በቃ፣ ከዛ ወዲያ ከእጁ አልወጣም። ትልልቅ እጅ፣ ትልልቅ ትከሻ፣ ሩጫ ላይ ግን ዜሮ። እንዲህ ያለውን ልጅ ፈርስት ቤዝ ላይ ነው የሚያቆሙት። እዛ ቆሞ የሚወረወርለትን ኳስ ይቀልባል፤ ግን ስለ መቅለቡ ማን ግድ አለው? ፈርስት ቤዝ ላይ የሚቆም ሰው የሚፈለገው ተራው ሲደርስ ኳሷን አጥር ማዶ እንዲልካት ነው። ኤልቃና ደግሞ ይልካታል። በትንንሾቹ ሊጎች ዘጠኝ ዓመት፣ በአውቶብስ ከከተማ ከተማ እየዞረ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆምራን። ትልቁ ሊግ ግን አይጠራውም። «ሲያገኛት ይገላታል፣ ግን በጣም ይስታል» ይሉታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሞላው።

በልጅነቱ እማዬ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ደብል ሺፍት ስለምትሠራ፣ ልምምድ የምታደርሰው ማርታ ነበረች። ፒችትሪ ኮርነርስ ድረስ ትነዳለች፣ ሜዳው ዳር ፓርክ ታደርጋለች፣ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብላ የነርስነት ፈተናዋን ታጠናለች። ዱላው ኳሷን ሲያገኛት ከመጽሐፉ ቀና ሳትል በድምፁ ብቻ ታውቀው ነበር። እና ነገርየው የሱ ብቻ አልነበረም፣ ገባችሁ?

ያቺ ቀን መጣች። ሴፕቴምበር ላይ፣ አርብ ጠዋት፣ የትልቁ ቲም ፈርስት ቤዝ እጁ ተሰበረና ኤልቃናን ጠሩት። ከሰዓት አውሮፕላን ላይ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ከተማ ነው የሚጫወቱት። ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ኩሽና ውስጥ ወደቀች፤ ሆስፒታል አስገቧት።

ልቧ ነው። ማርታ ነርስ ናት፣ ሰኞ ዕለት ኩላሊቷም መድከሙን የሚያሳየውን ቁጥር ስታይ፣ እንደማትተርፍ ማንም ሳይነግራት ገብቷታል። ለኤልቃና ግን «ትንሽ ጉንፋን ይዟታል» ነው ያለችው። ደግሞ ከራሷ አልፈጠረችውም፤ እሁድ ዕለት እማዬ ራሷ «እንዳትነግሪው» ብላታለች። «ልጄ ተጠርቶ! ይምታበት።» እያለች ፈገግ ብላ ነበር።

የቸርቻቸው ሽማግሌ ጋሽ ወንድሙም የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ይዘዋት ቆሙ።

«ማርታዬ፣ ሰው ብቻውን ሆቴል ውስጥ እያለ እንዲህ ያለ ወሬ አይነገረውም። ሲመለስ ሰብሰብ ብለን እናረዳዋለን።»

«ጋሽ ወንድሙ፣ ምን እያሉ ነው? እናቴ እኮ አልሞተችም!»

«በስመ ኢየሱስ! ከባሰ ነው ያልኩት። ደግሞ አሁን ጥሎ ቢመጣ ቦታውን ለሌላ ይሰጡበታል። ዘጠኝ ዓመት ጠብቆ?»

ማርታ አመነች። እሷ ራሷ ሆስፒታል ስትቀጠር አንድ ቀን ቀርታ ሺፍቷን ተነጥቃለች፤ ሥራ ማለት እንደዛ ነው። ቲሙ ጋ ደውላ ማንንም አልጠየቀችም።

ማክሰኞ ከሰዓት እማዬ ዓይኗን ገለጠች። የኦክስጅኑን ጭንብል በእጇ አወረደችው።

«ኤልቃና የት አለ?»

«ሥራ ላይ ነው እማዬ። አንቺው ነሽ እኮ አትንገሪው…»

«ያልኩትን ተይው። ጥሪልኝ። ይምጣ።»

«ሐሙስ ይመለሳል።»

«ሐሙስ ሩቅ ነው» አለች እማዬ።

ማርታ ስልኳን አወጣች። ስሙን አገኘችው። ከስሙ ሥር ደግሞ ጠዋት የላከው ቴክስት አለ፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመነሻው ያሰልፉኛል፣ እንዳታመልጣችሁ፣ ይላል። ሃያ ዓመት የጠበቀችው ቴክስት። በአውሮፕላን ቢመጣ አንድ ሰዓት ከሩብ ብቻ ነው፣ ታውቃለች። ስልኩን ኪሷ ውስጥ መለሰችው።

«ደወልኩለት» አለቻት። «እየመጣ ነው።»

እማዬ አንገቷን ወደ በሩ አዞረች። ሰው በገባ ቁጥር፣ ነርስም ሆነ ጽዳት፣ ቀና ለማለት ትሞክራለች። እንደዛ እያየች፣ ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አረፈች።

ማርታ ገና ከክፍሉ ሳትወጣ መደወል ጀመረች፤ ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉ፣ ልጁ አልሰማም፣ አደራ። ቸርቹ ሁለት መቶ ሰው ነው፣ ሁለት መቶውም አፉን ዘጋ። ገበያነሽ የምትባል አንዲት ሴትዮ ብቻ የሻማ ፎቶ ለጥፋ ነበር፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አስጠፏት። እና ሐሙስ ሆምራኑን መታ። የቀረውን ሰምታችኋል።

አርብ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደንዉዲ ያለው አፓርትመንቱ በር ላይ አሥራ አራት ሆነው ቆሙ። ጋሽ ወንድሙ አንኳኩ። ኤልቃና በቁምጣ ከፈተ፣ ዓይኑን እያሸ። ሲያያቸው ፊቱ በራ።

«እንዴ! ቸርቹ በሙሉ! ሆምራኑን አይታችሁ ነው? ኦ ማይ ጋድ፣ ግቡ፣ ግቡ፣ ወንበር እንኳን የለኝም እኮ!»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ጥቁር ለብሷል። ጋሽ ወንድሙ ክንዱን ያዙት።

«ልጄ፣ እስቲ ቁጭ በል።»

ኤልቃና አማርኛው ይሰነካከላል፣ ግን ይሄን ያውቀዋል። አባታቸው የሞተ ጊዜም በጠዋት በር ተንኳኩቶ፣ «ቁጭ በሉ» ነው የተባሉት። አልተቀመጠም። በዓይኑ ማርታን ፈለጋት።

«መቼ?»

«ረቡዕ።»

«ሐሙስ አጨብጭባለች አልሽኝ እኮ» አለ።

ከቀብሩ በኋላ ሊቶኒያ፣ እማዬ ቤት፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመው ነገራት። «ሦስት ቀን ይሰጡኝ ነበር ማርቲ። ሕጉ ውስጥ አለ። እናት ስትታመም ሂድ ይሉሃል፣ ቦታህ ይጠብቅሃል። አንድ ሰው እንኳን አይጠይቅም?»

 ማርታ ያገኘችውን ምክንያት ያዘች፦ «እሷ ናት አትንገሪው ያለችኝ። ይምታበት፣ ነው ያለችው።»

እውነት ነው። እሁድን ነገረችው። ማክሰኞን አልነገረችውም።

ኤልቃና የመኪናው ኮፈን ላይ ተደግፎ አለቀሰ፣ ብዙ አለቀሰ፣ ከዛ ፊቱን በሸሚዙ ጠርጎ «ይምታበት አለች?» አለ። «አዎ።» ያቺን ቃል ይዞ ወደ ቲሙ ተመለሰ። ግን ዱላው ዘገየ። ሃያ ሦስት ጊዜ ዱላውን ይዞ ቆመ፣ ሃያ ሦስቴም ባዶ እጁን ወጣ። ማርች ላይ አሰናበቱት፤ ሌላ ቲም አልደወለም። በትልቁ ሊግ ያለው አንድ ሆምራን ነው። አንድ። እሱኑም ቪዲዮውን አያየውም። አሁን ፒችትሪ ኮርነርስ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፣ የሚኖረውም እማዬ ቤት ነው። ማርታ ለሌሎቹ ውሸቶች ራሷን ይቅር ብላለች፣ ወይ ለማለት ትሞክራለች። እማዬ በር በሩን እያየች የጠበቀችበትን ግን አልቻለችም። ሰው ዝም ሲላት የእማዬ አንገት ወደ በሩ ሲዞር ይታያታል።

ዛሬ ቅዳሜ ልታየው ሄደች። ነጭ ሸሚዝ እየተኮሰ ነው።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ነገ ቸርች ምስክርነት እንድሰጥ ጠይቀውኛል።»

«አንተ? በአማርኛ? ሰው ይሞታል በሳቅ።»

«ሻት አፕ» አለ እየሳቀ። ሳቁን ካየችው ስንት ጊዜዋ! «ስለ እማዬ ነው የምናገረው። እያመማት እንኳን ለኔ ነው ያሰበችው። ማርቲ፣ ኖ ጆክ፣ ያ ቃሏ ባይኖር ያኔ ከአልጋ አልነሳም ነበር። አንቺ አጠገቤ ቁሚና እሷ እንዳለችው አድርገሽ ንገሪያቸው። እሺ?»

 ማርታ ካውያውን ከእጁ ወስዳ እጅጌው ላይ የቀረውን መተኮስ ጀመረች።

«እስከ መጨረሻው አንዴም አልጠራችኝም አይደል?» አለ ከኋላዋ፣ ቀለል አድርጎ፣ መልሱን የሚያውቅ ሰው እንደሚጠይቀው። «ለኔ ብላ።»

ካውያው እጅጌው ላይ ቆመ። አዎ፣ አልጠራችህም ብትል ነገ ሁለት መቶ ሰው ፊት ያንኑ ትደግመዋለች፣ ዕድሜ ልኳንም ትደግመዋለች። አይ፣ ጠርታሃለች ብትል እሱ ደግሞ በሩን እያየች የሞተች እናት ይኖረዋል፣ የቆመባትም ቃል ከሥሩ ትሄዳለች።

ኤልቃና እየጠበቀ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?