ስድስተኛው ሲሊንደር

ሃዳብ ሎሪውን ይዞ ከካሰላ ወደ ሰሜን እንደ ወጣ ቀረ። ሎሪው በረሃ ውስጥ በሩ ተከፍቶ ተገኘና በሌላ መኪና ተጎትቶ የቤቱ ግቢ ውስጥ ቆመ። ሚስቱ ሲተና «ሬሳውን ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም» ብላ ዓመታት አለፉ።

አሁን የሃዳብ የወንድሙ ልጅ ሽንኩርት ልጫንበት ብሎ ለመናት። የባሏ ወዳጅ የነበረው መካኒክ ኦኑር፣ አሮጌው ሞተር ኮምፕሬሽን፣ የሲሊንደሮቹ ግፊት፣ ተርፎት እንደሆነ ሊለካላት መጣ።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኦኑር ስድስቱንም ካንዴላ ፈታ፤ ባትሪ አገናኘ፤ የግፊት መለኪያ ጌጁን አንደኛው የካንዴላ ቀዳዳ ላይ አጠበቀ።

«ሃጃ፣ ነዳጁን እስከ ታች ርገጪና የማስነሻ ሞተሪኖውን ተጭነሽ ያዢው» አላት ጋቢና ውስጥ ለተቀመጠችው ሲተና።

«ተነስቶ ይዞኝ ቢሄድስ?»

«ያለ ካንዴላ? ከኔ ጉልበት ይልቅ የደከመ ነው።»

ሞተሩ እያቃሰተ ዞረ። መርፌው በየግፊቱ ዘለል ዘለል እያለ ወጣ። አምስቱ ሲሊንደሮች በየተራ ሲለኩ ደክመዋል እንጂ አልሞቱም። ስድስተኛው ላይ ግን መርፌው ሳይዘል፣ ለስለስ ብሎ ከሁሉም በላይ ወጣ። ከዚያ በዝግታ ወረደ። የጌጁ ማስተንፈሻ ቁልፍ ካልተጫነ መርፌው የሚወርድ አልነበረም።

«በቃ፣ ልቀቂው» አለ ኦኑር።

«ከለቀቅኩት ቆየሁ እኮ።»

መርፌው እንደገና ወጣ።

ኦኑር ጌጁ ተበላሽቶ ነው ብሎ ራሱን አጽናና። ሎሪው ሥር ተንፏቆ ገባና ከሞተሩ በታች ያለውን የዘይት ኮፓ ፈትቶ አወረደ። ስድስተኛው ሲሊንደር ባዶ ነበር፤ ፒስተኑም ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ቢዬላም ወጥተዋል። ዘንጉ ላይ ቢዬላው የነበረበት ቦታ ዘይት እንዳያፈስ በቆዳ ተጠቅልሎ በሽቦ ታስሯል። በረሃ ላይ ፒስተን የሰበረ ሾፌር የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ በአምስቱ ይነዳል። ቆዳው የሃዳብ የጩቤ ሰገባ ነበር።

ቀና ብሎ ወደ ጨለማው ቀዳዳ ሲያይ ሞቅ ያለ አየር ግንባሩ ላይ አረፈ። ትንሽ ቆይቶ አየሩ ወደ ላይ ተሳበ።

ከሎሪው ሥር ተንፏቆ ወጣ።

«ምን አየህ?» አለች ሲተና ከጋቢናው ወርዳ።

«ፒስተን የለውም።»

«ታዲያ መርፌውን ማን ይገፋዋል?»

ሲተና ራሷ ጌጁን ፈታችና ጉንጯን ወደ ቀዳዳው አስጠጋች። እንደዚያው ሆና ብዙ ቆየች።

«ሃዳብ ሲደክመው እንዲህ ነው የሚተነፍሰው» አለች ቀስ ብላ።

«ሃጃ፣ ሼኹን ልጥራ። ቁርዓን ይቅራበት።»

«ተወው፣ ይረፍበት። ልጁንም ሌላ መኪና ፈልግ በለው።»

«ካንዴላዎቹንስ?»

«አምስቱን መልሳቸው። ይሄን ከደፈንከው በምን ይተንፍስ?»

ኦኑር አምስቱን መለሰ። ሲተና አሸዋ እንዳይገባ የነጠላዋን ጫፍ ቀድዳ ስድስተኛው ቀዳዳ ላይ ጣል አደረገች። ነፋስ አልነበረም። ጨርቋ ቀስ ብላ ተነሳች፤ ቀስ ብላ ተኛች። ኦኑር መፍቻዎቹን ሰብስቦ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ከግቢው ወጣ።